ከፊኛ ካንሰር ቀዶ ጥገና በኋላ ለመኝታ ቤት የገዛናቸው ነገሮች፦ የጠቀመውም ያልጠቀመውም

ይህን የምጽፈው በባለቤቴ ፈቃድ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ «ይሄን ተይው» ብሎኝ ትቼዋለሁ። የቀረው እንዳለ ነው።

ባለቤቴ የሽንት ፊኛ ካንሰር ነበረበት። ፊኛው በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ሽንቱ አሁን የሚወጣው ከእምብርቱ በስተቀኝ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ስቶማ ይሏታል። እዚያ ላይ ከረጢት ይለጠፋል። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በታመመ ጊዜ ሰው ሁሉ ጠየቀን፣ ምግብ ይዞ መጣ፣ ጸበል ጠቆመ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ስለ መኝታ ቤታችን፣ ስለ ባልና ሚስት ግንኙነታችን ማለቴ ነው፣ ግን የጠየቀን አልነበረም። ሐኪሞቹም ጭምር። ቀዶ ጥገናው ሲነገረን ሁለታችንም እዚያው ተቀምጠን ነበር፣ ስለ አንጀት፣ ስለ ደም፣ ስለ ማደንዘዣ ብዙ ተብሎ ስለዚህኛው ጉዳይ ያየነው የምንፈርምበት ወረቀት ላይ ያለ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ስለዚህ ዕቃውንም አገልግሎቱንም ራሳችን ፈልገን፣ ገዝተንና ሞክረን ነው ያወቅነው።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለመኝታ ቤታችን ከሁሉ በላይ የጠቀመን ዕቃ ለዚያ ተብሎ የተሸጠልን አይደለም። የማያፈስ ከረጢት ነው። ብልት እንዲቆም የሚረዱት ፓምፑም፣ ኪኒኑም፣ መርፌውም ከሱ በኋላ ነው የሚመጡት።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። የፊኛ ካንሰር በወንዶች ላይ ከሴቶች ሦስትና አራት እጥፍ ይበዛል። ዋናው መንስኤ ሲጋራ ነው። ካንሰሩ የፊኛው ጡንቻ ውስጥ ከገባ ብዙ ጊዜ ፊኛው በሙሉ ይወጣል። በወንዶች ሲሆን ደግሞ ከፊኛው ሥር ያለው ዕጢ፣ ፕሮስቴቱ፣ እና የዘር ፈሳሽ የሚያመነጩት ዕጢዎችም አብረው ይወጣሉ። ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ቀጫጭን ነርቮች የሚያልፉት በፕሮስቴቱ ግራና ቀኝ ተጠግተው ነው። እነዚህን ነርቮች ማትረፍ እንደሚቻል በፕሮስቴት ቀዶ ጥገና ያሳየው እዚሁ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዶክተር ፓትሪክ ዋልሽ ነው፣ በ1982 እ.ኤ.አ.። ለፊኛውም ቢሆን ለአንዳንዱ ታማሚ ይቻላል፣ ለሌላው አይቻልም፤ ካንሰሩ ያለበት ቦታ ይወስነዋል። ቢተርፉም ቶሎ አይነቁም፣ እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድባቸው ይችላል።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረንም። ስሜትና እርካታ ከመቆም ጋር አንድ አይደሉም። ብልት ባይቆምም እርካታ ላይ መድረስ ይቻላል። የዘር ፈሳሽ ብቻ አይኖርም። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሆስፒታል እያለን የነገረን ሰው ቢኖር ባለቤቴ ያን ሁሉ ጊዜ «በቃ አለቀልኝ» ብሎ ባልተቀመጠ ነበር።

አሁን ወደ ከረጢቱ።

መጀመሪያ ከሆስፒታል ይዘን የወጣነው ከረጢት ያፈስ ነበር። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን መቼ እንደሚያፈስ አይታወቅም፣ ችግሩም እሱ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንሶላው ረጥቦ እንነሳለን። እሱ ቆሞ ይታጠባል፣ እኔ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ማናችንም አንናገርም። ከዚያ «አንቺ እንኳን ተኚ» ብሎ ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ኪኒን ቢሰጠው ምን ያደርግለታል? እኔ እጄን ሆዱ ላይ ሳሳርፍ እንኳ ይደነግጥ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከስቶማ ነርስ ነው። እነዚህ ሥራቸው ስቶማና ቁስል ብቻ የሆኑ ነርሶች ናቸው፣ በትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ፣ ሪፈር አድርጉን ብላችሁ ጠይቁ። የኛዋ ባለቤቴን አስቀምጣ አየችው፣ አጎንብስ አለችው፣ አስተኝታ አየችው። ሲቀመጥ ከስቶማው በታች ቆዳው ይታጠፋል፤ ሽንቱ የሚሾልከው በዚያች እጥፋት ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ክፍል፣ ዋፈር የሚሉትን፣ ጠፍጣፋ ከሆነው ወደ ጎበጥ ያለው ቀየረችልን፣ ዙሪያውን ሪንግ የሚሉትን ክፍተት የሚደፍን ለስላሳ ቀለበት ጨመረች፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ሰጠችን። ቀዳዳውንም እንደገና ለካች። ስቶማ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ስድስትና ስምንት ሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል፣ እኛ ግን በድሮው ልክ ነበር የምንቆርጠው። ዋፈሩ ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ ከስቶማው በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው መስፋት ያለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ሽንቱ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ የተቃጠለ ቆዳ ላይ ደግሞ ምንም አይለጠፍም።

ከሷ የተማርናቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ከረጢቱ የሚቀየረው ጠዋት ነው፣ ከቡናም ከውኃም በፊት፣ ሽንቱ ቀስ በሚልበት ሰዓት። ስቶማው አካባቢ ቫዝሊንም ቅባትም አይነካም፣ እኛ ደግሞ ገላ ከታጠብን በኋላ ካልተቀባን አይሆንልንም። በሽንቱ ውስጥ ነጭ ክር የሚመስል ነገር ቢታይ አትደንግጡ፤ ሽንቱ የሚወጣበት መስመር የተሠራው ከራሱ አንጀት ተቆርጦ ስለሆነ የአንጀቱ ንፍጥ ነው። ጠረኑ ድንገት ቢቀየር የበላችሁትንም አስቡ። አብሽ ጠጥቶ ያደረ ሰው ሽንቱ ይናገራል። ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ከተጨመረበት ግን ሐኪም ጋ ነው።

ብራንዱን ለሚጠይቅ፦ እዚህ በብዛት ያሉት ሆሊስተር፣ ኮሎፕላስትና ኮንቫቴክ ናቸው። ሦስቱም ደውላችሁ ከጠየቃችሁ ናሙና በነፃ ይልካሉ። ሳትሞክሩ ካርቶን ሙሉ አትዘዙ። የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም፣ የሆድ ቅርጽ ነው የሚወስነው። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት በተለይ ለአረጋውያን የሚሰጠው ኢንሹራንስ፣ ያለው ሰው ዓመታዊ ድርሻውን ከከፈለ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍንለታል። ስለ ኮሎፕላስት አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ዓይነቱ የሚለጠፍ ከረጢት የመነጨው ዴንማርክ ውስጥ በ1950ዎቹ ኤሊሰ ሶረንሰን ከምትባል ነርስ ነው። እህቷ ስቶማ ወጥቶላት ሰው መሀል መውጣት ፈርታ ነበር፣ ለሷ ብላ ነው ያሰበችው። ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ።

ለመኝታ ሲሆን እንዲህ እናደርጋለን። ቀድሞ ከረጢቱን ባዶ ያደርጋል፣ ጠርዙን በጣቱ ዙሪያውን ይዳብሰዋል። ከዚያ ከረጢቱን ወደ ጎን አዙሮ ወገቡን በጨርቅ ያስራል። ለዚህ ተብለው የሚሸጡ የከረጢት ልብሶችና ሰፋፊ ቀበቶዎች አሉ፣ አንዱን ገዝተን አይተነዋል፣ ላስቲኩ ይጠቀለላል፣ ያልበዋል። እኔ የሐበሻ ቀሚሴን መቀነት አውጥቼ ሁለት ዙር አሰርኩለት። ጥጥ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ከረጢቱን ይይዘዋል፣ ዓይንም አይስብም። ያ የተገዛው ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ነው። አተኛኘትም ይረዳል፣ በጎን መተኛት ወይም እኔ ከላይ መሆን ከረጢቱን አይጫነውም።

የማያፈስ ከረጢት ለኑሮው በሙሉ ነው የጠቀመው። ቤተ ክርስቲያን መግባት ትቶ ነበር፤ ሽንት ይዤ እንዴት እገባለሁ እያለ ደጅ ቆሞ ያስቀድስ ነበር። የንስሐ አባታችን ሰምተው «ልጄ፣ ይሄ ሕመምህ ነው፣ ግባ» አሉት። ስግደቱን በልኩ አደረጉለት። ከዚያ በኋላ ነው ፊቱ የተፈታው፣ የፊቱ መፈታት ደግሞ እቤት ይገባል።

ቀጥሎ አገልግሎቱ። ከካንሰር በኋላ የወሲብ ጤናን የሚያዩ ክሊኒኮች አሉ፣ ብዙ ጊዜ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ከዩሮሎጂ (የሽንት አካላት ሕክምና) ክፍል ጋር ናቸው። ቀጠሮው ረጅም ነው። የኛ ኢንሹራንስ የነርስ ፕራክቲሽነሯን፣ ማለትም እንደ ሐኪም የምታክመውን ነርስ፣ ሸፈነ፣ የወሲብ አማካሪዋን አልሸፈነም፣ ከኪሳችን ነው የከፈልነው። ቢሆንም ከገንዘባችን በላይ ነው ያገኘነው።

አስተርጓሚው ጋ ግን ተጠንቀቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የኛ ሰው ግን እዚህ አካባቢ ይተዋወቃል። በስልክ የመጣው የወንድ ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ባለቤቴ ወደኔ ዞሮ በሹክሹክታ «ይሄ ሰውዬ የኛ ደብር አይደል?» አለኝ። ከዚያ በኋላ አፉን አልከፈተም፣ ሁሉም ነገር «ደህና ነው» ሆነ። ነርሷ ገባት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ግዛት ያለ አስተርጓሚ ጠየቀችልን፣ ስሙን ሳይሆን መለያ ቁጥሩን ብቻ የሚናገር። ያኔ ተናገረ። እባካችሁ ልጆቻችሁን ለዚህ አታስተረጉሙ፣ ቁጥር ብቻ የሚናገር አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ብልቱ አልነበረም። «ከሕመሙ በፊት እንዴት ነበራችሁ? ምን ናፈቃችሁ?» አለች። እሱን ጠየቀች፣ ቀጥሎ ደግሞ እኔን። እኔን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። እኔ የናፈቀኝ አቅፎኝ መተኛቱ እንደሆነ ስናገር ሰማ። እሱ ለካ «የማልጨርሰውን ነገር አልጀምርም» እያለ ነበር የሚሸሸኝ፣ እኔ ደግሞ እንዳላመው እየፈራሁ አልጠጋውም፣ እሱ ያን አስጠልቼአት ነው ብሎ ወስዶታል። አማካሪዋ የቤት ሥራ ሰጠችን፤ ለጊዜው ግንኙነት የሚባል ነገር የለም፣ መዳሰስ ብቻ፣ ልብስ ለብሶም ቢሆን። እሱ «ይሄ ምን ሕክምና ነው» ብሎ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ያ የቤት ሥራ ነው ሶፋውን ያስጣለን እላለሁ።

ወደ ኪኒኑ ልሂድ፣ አጭር ነው። ሲልዴናፊል፣ ሰው ቫያግራ የሚለው፣ እዚህ የተፈቀደው በ1998 ነው። ታዳላፊል ደግሞ በ2003። ሁለቱም የሚሠሩት ነርቭ ካለ ነው። ለባለቤቴ በመጀመሪያው ጊዜ አልሠሩም፣ ራስ ምታት ብቻ ሰጡት። ለልብ ናይትሮግሊሰሪን ወይም ሌላ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ፈጽሞ አይነካቸውም፣ ደም ግፊቱ ይወድቃል። ከመደብር ስለሚገዛው «የወንዶች ማር» ደግሞ ልናገር፣ በኛ ሰው ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ እየተሰጠ ስለሆነ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2022 አንዳንዶቹ ውስጥ ሳይጻፍ የተጨመረ እነዚሁ መድኃኒቶች እንዳሉ አስጠንቅቋል። የልብ መድኃኒት የሚወስድ አባት ማር ነው ብሎ ሲውጠው አስቡት። አትግዙ።

ፓምፑ። ይህን ነው ሰው የሚያፍርበት፣ እኔ ደግሞ ስሙ ካለው በላይ ጥሩ ነው የምለው። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ አየር የሚስብ ፓምፕ አለው፣ በእጅም በባትሪም የሚሠራ። አየሩ ሲሳብ ደም ወደ ብልቱ ይገባል፤ ከዚያ የላስቲክ ቀለበት ከቱቦው ላይ ተንሸራትቶ ሥሩ ላይ ይቀመጥና ደሙን ይይዘዋል። ነርቭ አያስፈልገውም፣ መድኃኒትም የለውም። ዕቃውን ለራሱ ብሎ ሠርቶ በኋላ ለገበያ ያበቃው ጆርጂያ፣ ኦገስታ ውስጥ የመኪና ጎማ ሥራ የነበረው ጌዲንግስ ኦዝቦን የተባለ ሰው ነው፣ የመሸጥ ፈቃዱን ያገኘው በ1982 ነው።

ጉድለቱን ልናገር። ብልቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ከሥሩ ይወዛወዛል፣ ስለዚህ እጅ ይፈልጋል። ቀለበቱ ሲገባ ይቆነጥጣል። ፀጉሩን አሳጥሮ መቁረጥና በውኃ የሚለቅ ማለስለሻ መጠቀም ግድ ነው፣ ካልሆነ አየር ያስገባል፣ ያማል። ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይም፣ በምንም ምክንያት፣ ቀለበቱን እንዳደረጉ መተኛትም የለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ስትገዙ የአየር ግፊቱን የሚገድብ ቫልቭ ያለው መሆኑን እዩ፣ በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ የላቸውም። ሜዲኬር ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ይህን ዕቃ አይሸፍንም፣ የግል ኢንሹራንስ ያላችሁ ግን ደውላችሁ ጠይቁ።

ምክሬ፣ መጀመሪያ ብቻውን ይለማመድ፣ ያለ ቀለበቱ፣ ቀስ ብሎ። ከለመደው በኋላ አብራችሁ ተጠቀሙበት። እኛ ጋ ነገሩ የተቃናው ፓምፑን እኔ መያዝ ስጀምር ነው። እሱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጨርሶ ሲመጣ በመንገድ ላይ ስሜቱ ይጠፋ ነበር። አሁን አልጋው አጠገብ ነው የሚቀመጠው፣ እያወራን ነው የምናደርገው። ኮከብ ስጪው ካላችሁኝ ከአምስት አራት።

መርፌው ደግሞ ከሁሉም በደንብ የሚሠራው ነው፣ ያም ሆኖ እኛ አዘውትረን አንጠቀምበትም። በጣም ቀጭን መርፌ ነው፣ እንደ ኢንሱሊን ያለ፣ በብልቱ ጎን በኩል ይወጋል። መድኃኒቱ አልፕሮስታዲል ነው ወይም እሱ ያለበት ቅልቅል። በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፣ የተፈጥሮውን ይመስላል። የመጀመሪያው መጠን ክሊኒክ ውስጥ ነው የሚሞከረው፣ ይህን ማንም አይዝለል። ካልወረደና አራት ሰዓት ካለፈው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፣ ማፈር የለም፣ ብልቱ ይጎዳል። ባለቤቴ ኪሞ (የካንሰር መድኃኒቱን) ሲወስድ መርፌ ስለሰለቸው ነው የማይወደው። መርፌ የማይፈራ ሰው ግን ቢጀምር እሱን ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ።

ፊኛቸው ያልወጣ፣ ቢሲጂ የሚባለው ሕክምና ፊኛቸው ውስጥ የሚጨመርላቸው ሰዎችም አሉ፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ለስድስት ሳምንት ነው የሚጀመረው። ሚስቶች በግል ሲጠይቁኝ የሚያስጨንቃቸው «ይተላለፍብኛል ወይ» ነው። ካንሰሩ በግንኙነት አይተላለፍም። ቢሲጂው ግን ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ስለሆነ ከጨመሩላቸው በኋላ ባሉት ቀናት ከግንኙነት መታቀብ አለ፣ በሕክምናው ጊዜ ደግሞ ኮንዶም። የቀኑን ብዛት ክሊኒካችሁ ይንገራችሁ። ማቃጠሉና ቶሎ ቶሎ መሽናቱ ፍላጎት ያጠፋል፣ እናንተን ጠልቶ አይደለም።

በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰው ካለ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ በ2005 የተቋቋመ የፊኛ ካንሰር ታማሚዎች ድርጅት አለ፣ ብላደር ካንሰር አድቮኬሲ ኔትወርክ ይባላል። በነፃ መጽሐፍ ይልካል፣ ያንኑ ቀዶ ጥገና ካለፈ ሰው ጋርም በስልክ ያገናኛል። ባለቤቴ ልጃችን ቁጥሩን ሰጥታው ብቻውን መኪና ውስጥ ሆኖ ነው ያወራው። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሴት ታማሚዎችን አልረሳሁም። የማውቃት አንዲት እህት ፊኛዋ ሲወጣ ማህፀኗና የብልቷ የፊት ግድግዳም አብሮ ወጥቷል። ጠቧል፣ አጥሯል፣ ይደርቃል። ባሏ ዝም አለ፣ እሷም ዝም አለች፣ ሐኪሟም ዝም አለ። ለሷ የሚሆኑ ነገሮች አሉ፤ በመጠን በመጠን የተዘጋጁ ማስፊያዎች፣ የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ክሬም፣ ማርጠቢያ፣ የዳሌ ጡንቻ ፊዚዮቴራፒ። የሚነገርላት ግን ራሷ ስትጠይቅ ነው፣ ይሄ ያናድደኛል። የአሜሪካ ዩሮሎጂስቶች ማኅበር ከ2017 ጀምሮ በወጣው መመሪያው ለሚመች ታማሚ የወሲብ አካልን የሚያተርፍ ቀዶ ጥገና መነጋገሪያ መሆን አለበት ይላል፣ ለወንዱም ለሴቷም። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ከመድረሱ በፊት «የቱን ታወጣላችሁ፣ የቱን መተው ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማስፊያውን የተጠቀማችሁ እህቶች ካላችሁ የትኛው እንደተሻላችሁ ጻፉልኝ፣ ስም አልጠቅስም፣ እኔ ስላልሞከርኩት ልመዝነው አልችልም።

ከረጢት ወደ አገር ቤት ለምትልኩ፦ ቀዳዳው ቀድሞ የተቆረጠውን አትላኩ፣ ልኩ ካልገጠመ ይጣላል። በመቀስ የሚቆረጠውን ላኩ፣ የመለኪያውን ወረቀትም ጨምሩበት። የሽንቱና የሰገራው ከረጢት ይለያያል፣ የሽንቱ ከታች ቧንቧ ያለው ነው። ባለ ሁለት ክፍል ከሆነ ዋፈሩና ከረጢቱ የአንድ ድርጅትና የአንድ መጠን መሆን አለባቸው። ሙቀት ማጣበቂያውን ያበላሸዋል፣ መኪና ውስጥ አታሳድሩት። ሪንግና ቀበቶ አትርሱ። መቀነት እዚያ አለ።